ከምድጃ ዳር የተሰደደ ዜማ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። በምዕራብ አየርላንድ፣ ክሌር በምትባለው አውራጃ፣ ከፊክል መንደር ብዙም በማይርቅ አንድ የገጠር መጠጥ ቤት ውስጥ ሰዉ እየበዛ ነው። ባንኮኒው ዙሪያ መፈናፈኛ ጠፍቷል። ከእሳቱ አጠገብ ያለው የጥግ ጠረጴዛ ግን ባዶውን ነው። የአገሬው ሰው ቆሞ ይጠጣል እንጂ እዚያ አይቀመጥም፤ የማን ቦታ እንደሆነ ያውቃል።

መጀመሪያ አንዲት ጠና ያለች ሴት ገባች። ለባለቤቱ በአገጯ ሰላምታ ሰጥታ ጀርባዋን ለግድግዳው አድርጋ ተቀመጠች። ቫዮሊኗን ከሣጥኑ አወጣች፣ ደጋኑን ሙጫ አስነካችው፣ መልሳም ጭኗ ላይ አጋድማው ወሬዋን ቀጠለች። ትንሽ ቆይተው አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የቆርቆሮ ዋሽንት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ኮንሰርቲና የሚባለውን ትንሽ አኮርዲዮን መሰል መሣሪያ የያዘ ጎረምሳ፣ የእንጨት ፍሉት ያላት ወጣት፣ ባንጆ ያነገተ ግንበኛ ተከታትለው መጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል የተወራው ስለ ድርቆሽ፣ ስለ ዝናብና ስለ አንዲት የታመመች ጎረቤት ነበር።

ጨዋታው ሲጀመር ማንም አላስታወቀም። ሴትዮዋ በወሬ መሀል ደጋኑን ክሩ ላይ አሳርፋ አንድ ሪል ጀመረች። ሌሎቹ ትንሽ ሰምተው ዜማውን ሲለዩት አንድ በአንድ ገቡ። ያልለየው ሰው መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዳምጣል፤ በዚህ የሚያፍር የለም።

ይህ ስብሰባ ሴሽን ይባላል። የሚጫወቱት በአብዛኛው የጭፈራ ዜማ ነው፦ አራት ምት ያለው ሪል፣ በስድስት የሚቆጠረው ጂግ፣ ረገጥ ረገጥ የሚለው ሆርንፓይፕ፣ ወደ ደቡብ ወደ ኬሪና ኮርክ ድንበር ሲወረድ ደግሞ ፖልካ። የአብዛኛው አሠራር አንድ ነው። ስምንት መለኪያ ያለው የመጀመሪያ ክፍል ሁለት ጊዜ ይባላል፤ ስምንት መለኪያ ያለው ሁለተኛው ክፍል ከፍ ብሎ ሁለት ጊዜ ይባላል። ሙሉው ዜማ ሠላሳ ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ሁለቴ ሦስቴ ይደገምና ሳይቋረጥ ወደ ሌላ ዜማ ይታለፋል። ሊታለፍ ሲል ሴትዮዋ ቀና ብላ ሰዉን ቃኘት ታደርጋለች፤ ሽማግሌው «ሃፕ!» ይላሉ፤ በቀጣዩ ምት ላይ ሁሉም አዲሱ ዜማ ውስጥ ናቸው። ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ወደ ላይ ብድግ ያለ ይመስላል። የሴሽን ሰው በዝናብ የሚመጣው ለዚህች ቅጽበት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እንዲህ ተያይዘው የተጫወቱት የዜማ ስብስብ ሲያበቃ እጄን ለጭብጨባ አነሳሁ። አጠገቤ የቆሙት ገበሬ ብርጭቋቸውን እያስቀመጡ አዩኝ። ሰዉ ለምን እንደማያጨበጭብ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ መቼ ለእኛ ተጫወቱና!» አሉኝ።

ጎንደር ወይም ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ለለመደ ጆሮ ይህ ግር ይላል። አዝማሪው ፊቱ ወደ እንግዳው ነው። ስምህን ጠይቆ፣ አለባበስህን አይቶ፣ ግጥም አስሮ ይሰጥሃል፤ አንተም ብሩን ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ። እዚህ ግን ክቡ ወደ ውስጥ የዞረ ነው። ግማሾቹ ተጫዋቾች ለአንተ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የተቀመጡት። እርስ በርስ ይሰማማሉ፤ አንተም ዕድለኛ ከሆንክ አጠገባቸው ቆመህ ትሰማለህ።

ለጎብኚ የሚታደለው የቱሪስት ወረቀት ይህን ነገር ጥንታዊ ነው ይለዋል። ዜማዎቹ በእርግጥ የቆዩ ናቸው፤ ብዙዎቹ የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። በመጠጥ ቤት ተሰብስቦ እነሱን መጫወት ግን በአብዛኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጣ ልማድ ነው። ሙዚቃው ከዚያ በፊት የሚኖረው በሰው ቤት፣ በምድጃ ዳር ነበር። እንዴት ከዚያ ተነሥቶ መጠጥ ቤት እንደገባ ማወቅ የምሽቱን ጠባይ ሁሉ ያስረዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በክሌር ገጠር የክረምት ሌሊት ማሳለፊያው የቤት ጭፈራ ነበር። ጠረጴዛው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ወንበሩ ግድግዳ ይይዛል፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ምድጃው አጠገብ ይቀመጥና ይጫወታል። አራት ጥንድ ሆነው በድንጋይ ንጣፉ ላይ ይጨፍራሉ። አንዳንዴ የቤት ኪራይ ላቃተው ወይም ለመርከብ ጉዞ ገንዘብ ላጠረው ሰው መዋጮ ይሰበሰብበታል። ልጆች ማዕዘን ውስጥ ተኮራምተው እያዩ ይማራሉ። ሴቶችም ይጫወታሉ፤ ኮንሰርቲና በክሌር የሴቶች መሣሪያ እስከመባል ደርሶ ነበር። ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግድግዳው ውስጥ ባለች መስኮት መሰል ጎድጓዳ ስፍራ ከእሳቱ አጠገብ ይቀመጥና ሥራ ሲቀል ይነሣል።

በ1935 የአየርላንድ መንግሥት የሕዝብ ጭፈራ አዳራሾችን የሚመለከት ሕግ አወጣ። ሕዝብ የሚጨፍርበት ማንኛውም ቦታ ከፍርድ ቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት የሚል ነው። ስለ ገበሬ ወጥ ቤት በስም አያነሣም። ቀሳውስቱና ፖሊሱ ግን ገንዘብ የተሰበሰበበትን የቤት ጭፈራ ሁሉ ያለ ፈቃድ እንደተከፈተ አዳራሽ ቆጠሩት። ቄሱ ሌሊት በር እያንኳኩ ሰዉን በተኑ፤ ቤቱን የከፈተው ሰው ፍርድ ቤት ቆመ። በፋንታው የደብር አዳራሽ ተሠራ፤ መግቢያ ተከፈለበት፤ ትልቁን አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ ሲፈለግ ከበሮና ፒያኖ ያላቸው፣ ኬይሊ የሚባሉ የጭፈራ ባንዶች በዙ።

በክሌር ከሚልታውን ማልቤይ ከተማ አጠገብ ይኖሩ የነበሩት ገበሬና ቫዮሊን ተጫዋች ጁኒየር ክሬሃን (1908–1998) ይህን ሕግ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቅር አላሉትም። ወጣቱ ጨዋታ የሚማርበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበት ቤት ሲዘጋ ገጠሩ ሁሉ እንደቀዘቀዘ ደጋግመው ተናግረዋል። እሳቸው ካወጧቸው ጂጎች አንዱ «ጉም የለበሰው ተራራ» ዛሬ ከቶኪዮ እስከ ቦስተን በሴሽን ላይ ይደመጣል፤ ከሚጫወቱት ብዙዎቹ ደራሲውን አያውቁም።

ከዚያ ስደቱ መጣ። በ1950ዎቹ ብቻ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው ከአየርላንድ ወጣ፤ አብዛኛው ለንደንና በርሚንግሃም ገብቶ መንገድ ቆፈረ፣ ግንብ ገነባ፣ በሆስፒታል ተቀጠረ። ስደተኛው ዜማውን ይዞ ቢሄድም ምድጃውን ይዞ አልሄደም። የሚያድረው በተከራያት አንዲት ክፍል ነው፤ አከራይዋ ደግሞ የቫዮሊን ድምፅ አትፈልግም። ሰው በነፃነት ተቀምጦ ሊጫወት የሚችልበት የቀረው ቦታ መጠጥ ቤት ነበር። በካምደን ታውን ያለው ቤድፎርድ አርምስ የስላይጎው ቫዮሊን ተጫዋች ማይክል ጎርማንና የኮርኳ ዘፋኝ ማርጋሬት ባሪ የሚደመጡበት ቤት ሆነ። አገር ቤት በአሥር ኪሎ ሜትር ርቀት እየኖሩ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ለንደን ላይ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ከአራት ከአምስት አውራጃ የመጡ ስለሆኑ ሁሉም የሚያውቁትን ዜማ መፈለግ ነበረባቸው። እናም አንዱ ጀምሮ ሌላው ሲለየው የሚገባበት ሥርዓት ሥር የሰደደው ባዕድ አገር ነው።

የጋራ ዜማ ማግኘታቸውም ቢሆን የስደት ሥራ ነው። በ1848 ኮርክ ውስጥ የተወለደው ፍራንሲስ ኦኒል መርከበኛ ሆኖ ዓለምን ዞሮ ቺካጎ ላይ ፖሊስ ሆነ፤ ከ1901 እስከ 1905 የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ነበር። ከየአውራጃው የተሰደዱትን ተጫዋቾች እያፈላለገ ዜማቸውን አስጻፈ። በ1903 ያሳተመው መጽሐፍ 1,850 ዜማ ይዟል፤ በ1907 ደግሞ 1,001 የጭፈራ ዜማ ለብቻ አወጣ። ገጠር ያሉ ተጫዋቾች ይህን ሁለተኛውን «መጽሐፉ» ብቻ ይሉት ነበር። ቀጥሎ ከስላይጎ ኒው ዮርክ የገባው ማይክል ኮልማን በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ሸክላ አስቀረጸ። ሸክላው አትላንቲክን ተሻግሮ አየርላንድ ሲገባ፣ የራሳቸውን አካባቢ አጨዋወት ትተው የእሱን የያዙ ብዙ ነበሩ። ይህ ያስከፈለው ዋጋ አለ፤ የየመንደሩ ጣዕም ሳስቷል። ፊክል የምትገኝበት የምሥራቅ ክሌር ሰዎች ግን ቀስ ያለውን፣ ሐዘን ያለበትን አጨዋወታቸውን አልለቀቁም፤ ያን ምሽት ሴትዮዋ ስትጫወት ከፍጥነቱ ይልቅ በየድምፁ መሀል ያለው ፋታ ነበር የያዘኝ።

ልማዱ ተመልሶ አየርላንድ የገባው በሁለት በር ነው። በ1951 ሙዚቀኞች ኮልታስ የተባለውን ማኅበር መሥርተው ሙሊንጋር ላይ የመጀመሪያውን የሙዚቃ ጉባኤ አደረጉ። ለውድድር የመጣው ሰው ከአዳራሹ ይልቅ በየመጠጥ ቤቱ ተሰባስቦ አደረ። ጉባኤው ከተማ እየቀያየረ እስካሁን በየዓመቱ ይካሄዳል፤ አሁን የሚመጣው ሰው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። ሁለተኛው በር ተመላሽ ስደተኛ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሚልታውን ማልቤዩ አናጺ ዊሊ ክላንሲ ነበር። ክላንሲ የሚጫወተው ኡለን ፓይፕ የተባለውን፣ በአፍ የማይነፋውን መሣሪያ ነው። ወናፉ በቀኝ ክንድ ሥር ይታሰርና በክርን እየተጫነ ከረጢቱን በአየር ይሞላል፤ ጣቶች ዜማውን ሲይዙ፣ የእጅ አንጓ ደግሞ ቁልፎችን እየተጫነ ያጅባል። ለንደን ሠርቶ በ1957 አባቱ ሲሞቱ አገሩ ገባ። መጠጥ ቤት ሲጫወት ሰው ከሩቅ ይመጣለት ጀመር። ጥር 1973 በ54 ዓመቱ ሲሞት፣ ጓደኞቹ፣ ጁኒየር ክሬሃንም ጭምር፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ በስሙ የበጋ ትምህርት ቤት ከፈቱ። እስከ ዛሬ በሐምሌ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ከሺህ በላይ ተማሪ ወደ ትንሿ ሚልታውን ማልቤይ ይመጣል፤ ቀን በየትምህርት ቤቱ ክፍልና በየሰው ሳሎን ይማራል፤ ማታ መጠጥ ቤቶቹ አይበቁትም።

በዚህ ሽግግር ውስጥ የተጎዱት ሴቶች ናቸው። ይህ በቂ አይነገርም። ጨዋታው ወጥ ቤት እያለ ኮንሰርቲናው በእጃቸው ነበር። መጠጥ ቤት ሲገባ ግን የገጠር መጠጥ ቤት የወንድ ቦታ ነበርና ደጅ ቀሩ። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ባንኮኒ ላይ የምትቀመጥ ሴት በክፉ ዓይን ትታይ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ዘመን ስማቸው የቀረው ጥቂቶች ናቸው። በክሌሯ ኪልረሽ ከተማ በገበያው አደባባይ ኤሊዛቤት ክሮቲ (1885–1960) ነበሩ። መጠጥ ቤቱ የራሳቸውና የባለቤታቸው ስለነበር ከባንኮኒው ኋላ ኮንሰርቲናቸውን አንሥተው ቢጫወቱ ውጪ የሚላቸው አልነበረም። የአየርላንድ ራዲዮ በ1950ዎቹ የመቅረጫ መኪና ይዞ ገጠር ሲዞር ቀረጻቸው፤ ኮልታስ በክሌር ቅርንጫፍ ሲከፍትም ፕሬዚዳንት አደረጋቸው። ዛሬ በሴሽኖች ላይ ሴቶች ይመራሉ፤ ወጣት የኮንሰርቲና ተጫዋቾች ሲቆጠሩም ሴቶቹ ጥቂት አይደሉም።

የጠረጴዛው ሕግ የተጻፈ ባይሆንም ጥብቅ ነው። እንግዳ ሙዚቀኛ ሣጥኑን ይዞ ይቆማል፤ ወንበር ሲጠቆምለት ይቀመጣል፤ ሁለት ሦስት ስብስብ ካዳመጠ በኋላ «አንድ ጀምርልን» ይባላል። የሚጀምረው ሌሎቹ ሊያውቁት የሚችሉትን ነው፤ ማንም የማያውቀውን ብርቅ ዜማ ማምጣት እንደ ትዕቢት ይቆጠራል። የፍየል ቆዳ የተወጠረበት ባውራን የተባለው ከበሮ ከአንድ በላይ አይፈለግም። የአጃቢ ጊታርም እንዲሁ፤ ሁለት ጊታር የተለያየ ስምምነት ከያዙ ዜማው ይደፈርሳል። ከሁሉ በላይ ግን ከጎንህ ያለውን ሰው መስማት ካልቻልክ የምትጫወተው ከልክ በላይ ከፍ አድርገህ ነው።

ኖታ ጠረጴዛው ላይ አይታይም። ኖታ ማንበብ የሚችሉ ቢኖሩም የተጻፈው አጥንቱ ብቻ ነው። ያን ምሽት ከሽማግሌው ጀርባ ቆሜ ጣቶቻቸውን አየሁ። ረጅሙ ድምፅ ላይ ሲደርሱ አንድ ጣት ከቀዳዳው ብልጭ ብሎ ተነሥቶ ይመለሳል፣ ሌላው ጣት ከታች መታ ያደርጋል፤ አንዱ ድምፅ አምስት ሆኖ ይሰማል። በሚቀጥለው ዙር እዚያው ቦታ ላይ ይህን አያደርጉትም፤ ትንፋሽ ይወስዱበታል። ጎረምሳው የኮንሰርቲናውን አየር እያስገባና እያስወጣ ዓይኑን ከእሳቸው ጣት ላይ አይነቅልም ነበር። ትምህርቱ እንዲህ ነው የሚተላለፈው፤ ማንም «እንዲህ አድርግ» ሲል አልሰማሁም።

ገንዘብ አለ? በመጠኑ። ብዙ ቤቶች ምሽቱን ለሚያስጀምሩ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዎች ይከፍላሉ፤ የቀሩት በነፃ ይመጣሉ፤ መጠጥ ይላክላቸዋል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በሙዚቃ ብቻ የሚኖር ጥቂት ነው። ግንበኛው በማግስቱ ማለዳ ሥራ እንዳለበት ሦስቴ ተናግሮ ሦስቴም ተቀምጧል።

ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ባለቤቱ «ዝም በሉ!» ብሎ ባንኮኒውን መታ። ዘፈን ሊመጣ ነው። ባንኮኒ አጠገብ ቆመው የነበሩ አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን ጨፍነው ያለ ምንም መሣሪያ ጀመሩ። ድምፃቸው አልፎ አልፎ ይሰነጠቃል። ከጎናቸው ያለው ሰው እጃቸውን ይዞ ከዜማው ጋር ቀስ እያለ ክብ ያዞረዋል፤ ይህ በዚህ ባህል ዘፋኝን ማበርታት ነው። የገንዘብ መቀበያው መሣቢያ አልተከፈተም፤ ቢራ መቅዳትም ቆመ። ግጥሙ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ የመጨረሻዎቹን ቃላት አላዜሙም፤ ዝም ብለው ተናገሩት። ያኔ ጭብጨባ ተፈቀደ፤ ቤቱ ተናጋ።

የሴሽን ድምፅ ምን እንደሚመስል ከቀረጻ ማወቅ ለሚፈልግ የጆ ኩሊን ሸክላ አሰማዋለሁ። የጋልዌይ ገጠር ልጅ፣ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር፤ ብዙ ዘመኑን በአሜሪካ ገፍቶ ሊሞት ሲቃረብ አገሩ ገባ። በፒተርስዌል መንደር ላሂፍስ በተባለው መጠጥ ቤት ሲጫወት ተቀረጸ፤ ታኅሣሥ 1973 ሞተ፤ ሸክላው በ1975 ወጣ። በስቱዲዮ ሰው የሚያጸዳው ሁሉ እዚያ አለ፦ የብርጭቆ ድምፅ፣ የእግር ምት፣ የሰዉ ጩኸት። ታሞ ሳለ እንዲያ መጫወቱን ሳስብ ዛሬም ያስደንቀኛል።

አሁን ይህን ልማድ የሚያሰጋው ነገር ሁለት ነው። አንዱ ማይክሮፎን ነው። ቱሪስት በሚበዛባቸው ስፍራዎች፣ በዱብሊኑ ቴምፕል ባር ይበልጡን፣ ወንበሮቹ ወደ ታዳሚው ይዞራሉ፤ ድምፅ ማጉያ ይተከላል፤ ሁሉም የሚያውቀው ዘፈን ይዘፈናል። ለሙዚቀኛው እንጀራ ነውና አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ክቡ ሲፈታ አዲስ ሰው የሚገባበት ወንበር አብሮ ይጠፋል። በመድረክ ላይ ማንም ጎረምሳን «አንድ ጀምርልን» አይለውም።

ሌላው የቤቶቹ መዘጋት ነው። በአየርላንድ ከ2005 ወዲህ ከአራት መጠጥ ቤቶች አንዱ ገደማ ተዘግቷል፤ ገጠሩ የበለጠ ተጎድቷል። ምክንያቱ ብዙ ነው፦ ወጣቱ ከተማ ገብቷል፣ ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ቢራ ርካሽ ነው፣ ጠጥቶ መንዳትን የሚቀጣው ሕግ ጠብቋል። ሕጉ ትክክል ነው፤ የሰው ሕይወት አድኗል። ይሁን እንጂ ቤቱ ከመጠጥ ቤቱ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚርቅ፣ ታክሲ በሌለበት አገር የሚኖር ሽማግሌ ዋሽንቱን ይዞ መውጣቱን ትቷል። በኮሮና ጊዜ ደግሞ ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ሁሉም ሲዘጋ አንዳንዱ ጠረጴዛ ተበትኖ ቀረ። ሌሎች ግን አንድ ነገር አገኙ፤ ክልከላው ሲላላ በየሰው ወጥ ቤት ተሰብስበው መጫወት ጀመሩ፤ አንዳንዶች እስካሁን በወር አንድ ማታ እንደዚያው ያደርጋሉ። ጁኒየር ክሬሃን ይህን ቢያዩ ምን ባሉ ነበር።

መንግሥት በ2018 በገጠር የምሽት አውቶቡስ ሙከራ ጀምሮ ነበር፤ የታሰበው ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ድረስ እንዲሠራ ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ሰዓቱን ያወጣው ሰው ግን ሴሽን የሚያውቅ አልመሰለኝም። ሦስት ሰዓት ተኩል የተጀመረ ምሽት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ገና መሞቁ ነው፤ ዘፈኑም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሚልታውን ማልቤይ መሀል ለዊሊ ክላንሲ የነሐስ ሐውልት ቆሞለታል፤ ይገባዋል። የሚቀጥለው ገንዘብ ግን፣ የእኔ ምክር የሚጠየቅ ቢሆን፣ በሳምንት አንድ ቀን አውቶቡሱን እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ለሚያቆይ ሹፌር ደሞዝ ይሁን ባልኩ።